አሥራ አንድ ዓመት እንግዳ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ክፍል ባልደረባችን የቀረበ ንግግር)



ከዚህ መድረክ ላይ ሁልጊዜ የምታዩኝ የገቢና የወጪ ሪፖርት ይዤ ነው። ዛሬ ሪፖርቱ ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል፤ ሥራ አስፈጻሚው በሌላ ጉዳይ ላይ እንድናገር ጠይቆኛል። ጉዳዩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በሰፈራችን የምትኖረው የውጭ አገር ዜጋ ለማኅበራችን አባልነት አመልክታለች። ማመልከቻዋ ከገባ ሦስት ወር ሆኖታል። ሥራ አስፈጻሚው ሦስት ቦታ ተከፍሏል። አንዳንዶቹ እንደ ማንኛችንም ትግባ ይላሉ። ሌሎቹ የክብር አባል ትሁን፣ ድምፅ ግን አይኑራት ይላሉ። የቀሩት ደግሞ ትግባ፣ መዋጮዋ ግን የእኛ አምስት እጥፍ ይሁን ብለዋል። ወደ ዕድራችን ትግባ ወይስ አትግባ የሚለው ሲነሳ ግን ሁሉም ዝም አሉ። ስለዚህ እኔ ሄጄ እንዳነጋግራት ተመደብኩ። ለምን እኔ? የምሰማውን ቆጥሬ ስለምመዘግብ ይመስለኛል።

አራት ቅዳሜ ቡና ጠጣን። ስሟ በጽሑፍ እንዳይወጣ ጠይቃኛለች፤ የነገረችኝን ግን እንድናገር ፈቅዳለች። ከአውሮፓ መጥታ አስተማሪ ሆና ባሕር ዳር ከገባች 11 ዓመት ሆናት። አማርኛዋ የእኛው ነው፤ «እኮ» እና «ደግሞ» የት እንደሚገባ ታውቃለች፣ አንዳንዴ እኔን ታርመኛለች።

ምን እንደሚያማርራት ጠየቅኳት። መጀመሪያ ሳቀችና «ይሉኝታ ያዘኝ» አለች። ይሉኝታን የተማረች ሰው እንግዲህ ጨርሳለች ማለት ነው። ቆይታ ግን ተናገረች።

ከቤቷ እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ በእግሯ 15 ደቂቃ ነው። በዚያ 15 ደቂቃ ውስጥ «ፈረንጅ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደምትሰማ አንድ ቀን ቆጥራ 23 ላይ ስትደርስ አቆመች። ልጆቹ ክፉ አይደሉም፣ ይህን ራሷም ትላለች። ያደከማት ጥላቻ አይደለም። 11 ዓመት ሙሉ በየቀኑ ትናንት እንደመጣች መሆኗ ነው ያደከማት። ሦስተኛ ክፍል ያስተማረችው ልጅ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፤ እሱም ከሩቅ ሲያያት «ፈረንጅ፣ የት ልውሰድሽ?» ይላታል። ስትቀርበው ያውቃታል፣ ያፍራል፣ «ቲቸር» ይላታል።

ቃሉ ስድብ እንዳልሆነ አስረድቻታለሁ። አውሮፓውያን «ፍራንክ» ከሚባለው ሕዝብ ስም ተነስቶ፣ በዐረቦችና በፋርሶች አፍ አልፎ ወደ እኛ የደረሰ አሮጌ ቃል ነው። የሚገርመው ግን ወዲያ ታይላንድ ድረስ መሄዱ ነው። እዚያም ነጩን ሰው «ፋራንግ» ይሉታል። በታይላንድ ብዙ ዓመት የኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ከሚያማርሩት ነገር ብዙው የእሷን ይመስላል። በብሔራዊ ፓርኮች በር ላይ ለዜጋና ለውጭ ሰው የተለያየ ዋጋ ይከፈላል፤ ዓመት የቆየው አብዛኛው ሰው በየ90 ቀኑ ያለበትን አድራሻ ለኢሚግሬሽን ያሳውቃል፤ መሬትም በስሙ አይዝም። ስለዚህ ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ይህን ስነግራት «ታዲያ እዚያም ይደክማሉ ማለት ነው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወደ ዋጋው ልምጣ፣ ሙያዬም ስለሆነ። በገበያ ላይ ቲማቲም ለእኔ አንድ ዋጋ፣ ለእሷ ሌላ ዋጋ አለው። አብረን ሄደን አይቻለሁ። እሷ ቀድማ ስትጠይቅና እኔ ቀድሜ ስጠይቅ ልዩነቱ እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። ሻጯ እናታችን ናት፣ ልጆች ታሳድጋለች፣ ካለው ላይ ብትጨምር ምን አለበት የሚል አለ። እኔም ለአንድ ሳምንት ጎብኚ ቢሆን ብዙም አልከራከር። ይህቺ ሴት ግን ደመወዟ በብር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሰው ሁሉ «ፈረንጆች አለፈላቸው» ይል ነበር። ለእሷ ግን ወደ አገሯ እናቷን ልታይ የምትሄድበት የአውሮፕላን ቲኬት በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ፤ ደመወዟ ያው ነው።

ግብር ላይም እንደ እኔና እንደ እናንተ ናት። የገቢ ግብር አዋጁ ቁጥር 979/2008 በ12 ወር ውስጥ ከ183 ቀን በላይ አገራችን ውስጥ የቆየን ሰው ነዋሪ ይለዋል። ነዋሪ ከሆንሽ ትከፍያለሽ፣ እስከ 35 በመቶ። ጡረታው ግን የሚሸፍነው ዜጎችንና ትውልደ ኢትዮጵያውያንን ነው። እንግዲህ ግብር ሲሆን ነዋሪ፣ ጡረታ ሲሆን የውጭ ሰው፣ ቲማቲም ሲሆን ቱሪስት ናት። እንዲህ ያለ ሒሳብ አንድ ቅርጫፍ ቢያቀርብልኝ እመልሰው ነበር።

ወረቀቱም አለ። የሥራ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፣ የመኖሪያ ፈቃዱም ከዚያ ጋር ይሄዳል። በየዓመቱ ጉዳይዋን ይዛ ትነሳለች፣ ፎቶ ትነሳለች፣ ፊርማ ትለምናለች፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው» ትባላለች። ዜግነት ለምን አልጠየቅሽም አልኳት። የዜግነት አዋጁ ቁጥር 378/1996 ቢያንስ አራት ዓመት የኖረና ከአገሪቱ ቋንቋዎች አንዱን የሚናገር ሰው እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። እሷ ሁለቱንም አልፋለች። ነገር ግን የቀድሞ ዜግነቷን መተው አለባት፤ እናቷ 84 ዓመቷ ነው፤ አንድ ቀን ስልክ ተደውሎ «ቶሎ ነይ» ስትባል ቪዛ ልትጠይቅ አትፈልግም። ይህን ማንም እናት ያላት ሴት ትረዳዋለች።

ስለ ሰዓትና ስለ ቀን አወጣጥ ብዙ ተሳሳቅን። «በሦስት ሰዓት» ተብላ በጠዋት ስትጠራ ከሰዓት በኋላ መጥታ የሠርግ ድግስ ላይ የተራረፈ የበላችው በመጀመሪያው ዓመቷ ነው። ስድስቱን ሰዓት መቀነስ በአንድ ወር ለመደችው። 13 ወርም ለመደች። እኔ ራሴ ለለጋሾቻችን ሪፖርት ስጽፍ የእኛን ሰኔ 30 ከእነሱ ታኅሣሥ መጨረሻ ጋር ለማስታረቅ በየዓመቱ ሁለት ሌሊት ስለማድር ለዚህ አላዘንኩላትም፤ ተካክለናል። ወደ ውስጥ ተንፍሰን «አዎ» ስንል የደነገጥን እየመሰላት ሁለት ዓመት «ምን ሆናችሁ?» ስትል ኖራለች። አሁን እሷም እንደዚያው ትላለች፣ እናቷ በስልክ ትደነግጣለች።

ያልለመደችው «እሺ»ን ነው። የቧንቧ ሠራተኛ «እሺ ነገ እመጣለሁ» ይላል፣ አይመጣም። «አልችልም ቢለኝ ሌላ እፈልግ ነበር» ትላለች። እኛ «እሺ» የምንለው ሰውን ላለማሳዘን ነው፣ እሷ የምትሰማው ቀጠሮ ነው። እውነቱን ልናገር፣ በዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ። የእኛ «እሺ» እኛንም ብዙ ከስሮናል፤ ለኮፐሬቲቫችን ሱቅ በር ሊሠራ ቀብድ የወሰደውን ሰው ታስታውሱታላችሁ።

በሌላው ግን አልተስማማሁም። መብራት ይጠፋል፣ ውኃ ይቋረጣል፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ክልላችን ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ለወራት ከእናቷ ጋር በምስል መነጋገር አልቻለችም። ይህን ስትነግረኝ «የሁላችንም ነው» አልኳት። ልጇ ዱባይ ያለችና ድምፅዋን ሳትሰማ የከረመች እናት በእኛው ማኅበር ውስጥ አለች። እሷ ቢብስባት ፓስፖርቷን ይዛ ትሄዳለች፣ እኛ የት እንሄዳለን? ይህን በፊቷ ተናገርኩ። ተቆጥታ ነበር፤ ሲኒውን አስቀምጣ፣ «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልሄድኩም እኮ፤ መቼ ነው የሚቆጠርልኝ?» አለች።

እህቶቼ፣ ይህ ጥያቄ ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ።

እኛ ለውጭ ሰው ክፉ አይደለንም። ለእንግዳ ከእኛ በላይ የሚሰጥ አላውቅም። ችግሩ ያ ይመስለኛል፤ እንግዳ አድርገን ተቀብለን፣ እንግዳ አድርገን እናኖራለን። የቆየ ጠባያችን ነው። ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ቤተ መንግሥታችን መጣ። ተከበረ፣ ርስት ተሰጠው፣ ሚስት አግብቶ ልጆች ወለደ። ወደ አገሩ ልመለስ ሲል ግን አልተፈቀደለትም። እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ሲመጡ አርጅቶ አገኙት፤ አገሩን ሳያይ ከ25 ዓመት በላይ ኖሯል። የተከበረ እስረኛ ነበር። አፄ ቴዎድሮስም በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያኖሯቸውን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ይወዷቸው ነበር፤ መድፍ ካልሠራችሁ ግን አልተባለም ማለት አይቻልም። በዚህ በእኛ ሐይቅ ሰሜን ዳር ጎርጎራ ላይ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 ሞቶ ቀርቷል።

ዛሬ ማንም አይከለክላቸውም። ከተማችንም በእነሱ እጅ ብዙ ነገር አግኝታለች። ፖሊ ቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲከፈት ሩሲያውያን መምህራን ሰፈራችን ውስጥ ኖረዋል፤ አባቴ ከእነሱ አንዱ የሒሳብ ትምህርት እንዳስተማረው ይነግረን ነበር። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ለሦስት ዓመት ብላ መጥታ፣ ከባሏ ጋር የፊስቱላ ሆስፒታል አቋቁማ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 እስክታርፍ ድረስ አዲስ አበባ ቆየች። 61 ዓመት መሆኑ ነው። የክብር ዜግነት የተሰጣት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በከተማችን ያለውን የፊስቱላ ማዕከል የምታውቁ አላችሁ፣ የታከመም አለ። እንደ እሷ ያለ ሥራ ለሠራ ሰው ክብር መስጠት እናውቅበታለን። እንደ ጎረቤቴ ያለች፣ ሦስተኛ ክፍል የምታስተምር፣ ረቡዕና ዓርብ ሽሮ የምትሠራ ሴት ግን የክብር ዜጋ አትሆንም። እሷ የምትፈልገውም ተራ አባል መሆን ነው።

አንድ ቀን ከሐይቁ ደሴቶች ወደ ክብራን ገብርኤል በጀልባ ሄደን ነበር። እንደምታውቁት ሴት አይገባም። ወንዶቹ ወርደው ወጡ፣ እኔና እሷ ጀልባው ላይ ቀረን፣ በደንገል ታንኳ አሳ የሚያጠምዱትን እያየን። «ዛሬ ገና እኩል ሆንን» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ነው ነገሩ የከበደኝ።

አሁን ወደ ዕድሩ ልግባ። ከሁለት ዓመት በፊት የጎረቤቴ እናት ሲያርፉ እሷ ከሌሊቱ ጀምሮ መጣች። ሽንኩርት ልትከትፍ እጅጌዋን ሰብስባ ነበር። «ኧረ ተነሺ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ» ተብላ ወንበር ተሰጣት፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቀድማ በላች። ወጥ የሚሠሩት ሴቶች ከድንኳኑ ጀርባ ሲያለቅሱና ሲያወሩ እሷ ከፊት ብቻዋን ተቀምጣ ቀረች። ያከበርናት መስሎን ነበር። እሷ የምታስታውሰው ግን ሽንኩርቱን ከእጇ የወሰደችውን ሴት ነው።

ባለፈው ዓመት ደግሞ የራሷ አባት ሞተ። በሌሊት በስልክ ሰማች፣ ብቻዋን። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ጎህ ሳይቀድ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውዬው ብቻውን እንዳይሆን፣ ደጋፊ ተይዞ ነው የሚነገረው። ጠዋት ሥራ ገባች። ሦስተኛው ቀን ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ሰምታ ለሰፈሩ ነገረች። ሰዉ ተናደደ፣ «እንዴት አትነግሪንም?» ተባለች። መልሷ አጭር ነበር፦ «ዕድር የለኝም እኮ።» ከሰባት ዓመት በፊት የሰፈሩን ዕድር ጠይቃ ነበር። «አንቺ ነገ ትሄጃለሽ» ብለው መለሷት። ከመለሷት ሰዎች ሁለቱ ራሳቸው አሁን ውጭ አገር ናቸው።

በመካከላችን ቤይሩት የነበራችሁ አላችሁ። ጂዳና ሪያድም። ስለ ካፋላ እኔ ለእናንተ ልነግር አልችልም፤ ፓስፖርት በአሠሪ እጅ፣ ያለ አሠሪ ፈቃድ መውጣት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችንን በጥቂት ወራት ስትመልስ ባዶ እጃቸውን የመጡትን ተቀብለናል። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ ሲጥሏቸው በቴሌቪዥን አይተን አልቅሰናል። ይህን ከእሷ ጋር አላስተካክልም፣ እሷም ስነግራት «በፍጹም አታወዳድሪኝ» አለችኝ። እሷ ስትፈልግ ትሄዳለች፤ ማንም ፓስፖርቷን አልነጠቃትም፤ በሰፈራችን ያላት ክብር ከብዙዎቻችን ይበልጣል።

ነገር ግን ስምንት ዓመት ቤይሩት የነበረች አባላችን ባለፈው ቅዳሜ አብራን ቡና ስትጠጣ አንድ ነገር ተናገረች። ድብደባውንና የቀረ ደመወዙን አላነሳችም። ያነሳችው በር ላይ ያለውን የፎቁን ዘበኛ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ታየዋለች፤ አንድ ቀን ስሟን አልጠየቃትም። «ሐበሻ» ይላታል። «ሌላውን ረስቼዋለሁ፣ እሱን አልረሳሁትም» አለች። ፈረንጇ ጎረቤቴ ሲኒዋን እንደያዘች ዝም አለች። እኔም ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም።

አሁን የሥራ አስፈጻሚው ጥያቄዎች ላይ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አስተያየቴን ልስጥ።

ሕጉ ይፈቅዳል? ይፈቅዳል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አገር በቀል ድርጅትን በኢትዮጵያውያን፣ በአገሪቱ ነዋሪ በሆኑ የውጭ ዜጎች ወይም በሁለቱ አብሮነት ሊመሠረት እንደሚችል ይናገራል። መመሥረት የሚችል ሰው አባል መሆን አይችልም ማለት አይሆንም። የእኛም መተዳደሪያ ደንብ «በከተማዋ ነዋሪ የሆነች ሴት» ነው የሚለው፤ ትናንት ማታ ደግሜ አንብቤዋለሁ። «ነዋሪ» እንጂ «ተወላጅ» አይልም።

ትሄዳለች ለሚሉት፣ የአባላት መዝገብ በእኔ እጅ ነው። ከማኅበሩ የለቀቁትን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። ወደ አዲስ አበባ የሄዱ፣ ወደ ዐረብ አገር የሄዱ፣ አግብተው ጎንደር የወረዱ አሉ። አንዳቸውም ሲገቡ «ትሄጃለሽ» አልተባሉም። ለሚሄድ አባል ደንቡ መልስ አለው፤ ቁጠባው ይመለስለታል፣ የዕድር መዋጮው አይመለስም። ይኸው ደንብ ለእሷም ይሠራል።

አምስት እጥፍ ትክፈል ለሚሉት ደግሞ እኔ አልመዘግበውም ብዬ በግልጽ ልናገር። ከፍ ያለ መዋጮ ማለት ከፍ ያለ ድምፅ ማለት ነው፤ ዛሬ ባይሆን ነገ። አምስት እጥፍ የከፈለች ሴት ስትናገር ጸጥ እንላለን፣ ስትሳሳት አናርማትም፣ ጠብ ሲመጣ «ገንዘቧ ነው» እንላለን። የምትለግስ ከሆነ በልገሳ ደረሰኝ ትለግስ፤ ለጋሾቻችን እዚህ ተቀምጠዋል፣ አሠራሩን ያውቁታል። መዋጮ ግን መዋጮ ነው፣ ለሁሉም አንድ ነው።

የክብር አባልነቱን በተመለከተ ራሷን ጠየቅኳት። «ክብር በቃኝ፣ ሽንኩርት ስጡኝ» አለች።

ከእሷም የሚጠበቅ አለ፣ ነግሬያታለሁ፣ ተስማምታለች። በስብሰባ ላይ አምስት ደቂቃ ባረፈድን ቁጥር ሰዓቷን እያየች እንዳትተነፍስብን። «በእኛ አገር እንዲህ ነው» የሚለውን በወር አንድ ጊዜ ብቻ እንድትጠቀም። የጽዳት ተራዋ ሲደርስ ሠራተኛ ልካ ሳይሆን ራሷ እንድትመጣ። ለቅሶ ሲሆን ከእኛ ጋር ከጀርባ እንድትቀመጥ። የመጨረሻውን ስነግራት ጮክ ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷን አዞረች።

ድምፅ የሚሰጠው ከሻይ በኋላ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለት ጥያቄ አለ፤ አንደኛው ስለ አባልነቷ፣ ሁለተኛው ስለ ዕድሩ። ለየብቻ ስለሚቆጠሩ አንዱን ፈቅዶ ሌላውን መከልከል ይቻላል። ስም አይጻፍም። ሳጥኑ በሩ አጠገብ ነው፤ ቆጣሪዎቹ ከሥራ አስፈጻሚው ውጭ ሦስት እህቶች ናቸው። እሷ ዛሬ አልመጣችም፤ በነፃነት እንድንነጋገር ብላ ቤት ቀርታለች። ውጤቱን ማን ሄዶ እንደሚነግራት አሁን እንወስን፤ በስልክ እንዳይሆን።